የትኛው ፋብሪካ?

ስብሰባ የምንወድ ሰዎች ነንና በየስብሰባው ማብቂያ ላይ የሚነሡትን ጥያቄዎች ሁላችንም በቃላችን እናውቃቸዋለን። መንገድ፣ መብራት፣ ንጹሕ ውኃ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረግ ያደርጉና «ፋብሪካም ይከፈትልን» ይላሉ። መድረክ ላይ የተቀመጡት ባለሥልጣን ማስታወሻ ይይዛሉ፣ አዳራሹ ያጨበጭባል። በተገኘሁባቸው ስብሰባዎች ሁሉ ግን አንድ ሰው ተነሥቶ «ቆይ እስቲ፣ የትኛው ፋብሪካ?» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ጠያቂው አይለይም፣ ተጠያቂውም አያጣራም። ሁለቱም «ፋብሪካ» የሚባል አንድ ነገር ያለ ይመስላቸዋል።

ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት አንድ ተማሪ መጥቶ «መጽሐፍ ልጽፍ ነው» ሲለኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ምን ዓይነት?» የሚል ነበር። ግጥም ነው? ልቦለድ ነው? ወይስ ተውኔት? ዘውጉ ካልታወቀ መምከርም መተቸትም አይቻልም። ግጥሙን «ገጸ ባሕርይ የለውም»፣ ልቦለዱን «ቤት አይመታም» እያለ የሚያጣጥል ሐያሲ መሳቂያ ነው የሚሆነው። ፋብሪካም እንደ ድርሰት ዘውግ አለው። አንዱ ሊታገሥ የሚችለውን ሌላው አይታገሥም። አንዱን ያሳደገ ቦታ ሌላውን ይገድላል። ዛሬ ልተች የተነሣሁት ይህንን አለመለየታችንን ነው፤ አለመለየቱ ዋጋ ስለሚያስከፍል፣ ዋጋውንም አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍሉት ስብሰባው ላይ ያልነበሩ ሰዎች ስለሆኑ።

ከቃሉ እንነሣ። «ፋብሪካ» ከጣሊያንኛው ቃል ጋር አንድ ነው። ሥሩ ላቲን ሲሆን ቀጥቃጩን፣ አናጢውን፣ በጠቅላላው በእጁ የሚሠራውን ባለሙያ ከሚጠራ ቃል የተገኘ ነው። ጣሊያኖቹ ግን በዚሁ ቃል ማምረቻውን ብቻ ሳይሆን በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃንም ይጠሩበታል። የሮማው የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ከ1506 እስከ 1626 እ.ኤ.አ. ሲገነባ ስለኖረ፣ አልቆ የማያልቅ ሥራ ሲገጥማቸው «የቅዱስ ጴጥሮስ ፋብሪካ» ብለው ይቀልዳሉ። እኛ ቃሉን ስንዋስ የትኛውን ትርጉም ይዘን እንደመጣን አንዳንዴ ያጠራጥረኛል። የመሠረት ድንጋይ የምናስቀምጠው ለሕንፃው ነው፣ ሪባን የምንቆርጠውም ለሕንፃው ነው። ባለሙያው፣ ጥሬ ዕቃው፣ ውኃው፣ ገበያው ግን በንግግሩ መጨረሻ ላይ «ወዘተ.» ውስጥ ነው የሚገኙት።

በአንጻሩ በአገሪቱ ከሁሉ የበዛውንና ከሁሉ የሰመረውን ፋብሪካ ፋብሪካ ብለን አንጠራውም። «ወፍጮ ቤት» ነው የምንለው። ወፍጮ ቤት የሚከፍት ሰው የአዋጭነት ጥናት አያስጠናም፤ ግን የሥራውን ጠባይ አሳምሮ ያውቀዋል። እህል ሲፈጭ ክብደቱ እምብዛም አይቀንስም፣ ዱቄት ግን ከእህል ይልቅ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ወፍጮው መቆም ያለበት ከማሳው ሳይሆን ከበላተኛው አጠገብ፣ እናት ጤፏን ተሸክማ ሄዳ በዚያው ቀን በምትመለስበት ርቀት ላይ ነው። ይህን ቀላል ስሌት አልፍሬድ ቬበር የሚባል ጀርመናዊ ምሁር በ1909 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ወደ ንድፈ ሐሳብ አሳድጎታል። ነገርዬው ሲጨመቅ፣ ፋብሪካ የት መቆም እንዳለበት የሚወስነው የሚገባው ዕቃና የሚወጣው ዕቃ የክብደት ልዩነት፣ የማጓጓዣው ወጪና የሠራተኛው ዋጋ ነው ይላል። የሰፈራችን ባለ ወፍጮ ቬበርን ሳያነብ ቬበርን ያውቃል።

እስቲ በዚህ መንገድ እንለያቸው። የመጀመሪያዎቹ ጥሬ ዕቃቸውን እግር በእግር የሚከተሉ ናቸው። የሲሚንቶ ፋብሪካ የኖራ ድንጋይ ካለበት አይርቅም፤ ድንጋዩ ምድጃ ውስጥ ሲገባ ግማሽ ያህሉ ክብደቱ በንኖ የሚጠፋ አየር ነውና፣ የሚበንን ነገር በመኪና ጭኖ መዞር ኪሳራ ነው። ሙገርም ድሬዳዋም ያሉበት ቦታ የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛዎቹ ጠጪና በላተኛውን ይከተላሉ። ቢራ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ውኃ ከሩቅ ጭኖ ማምጣት ሞኝነት ስለሆነ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ በ1915 ዓ.ም. ሲቋቋም የተቋቋመው ጠጪው ባለበት በአዲስ አበባ ነበር። ሦስተኛዎቹ ወደብ ይከተላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ የጀመረውና በ1997 የተዘጋው የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ጥሬ ዕቃው በመርከብ ነበር የሚመጣለት። አራተኛዎቹ እጅ ፍለጋ የሚዞሩ ናቸው፤ ቆርጠው የሚሰፉ፣ የትም ተተክለው ከየትም ተነቅለው የሚሄዱ። ወደነሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ይህን ሁሉ እንዳሰላስል ያደረገኝ የአዋሽ ሸለቆ መንገድ ነው። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ ወደ ሠመራ የሚወርድ ሰው ገዋኔን ካለፈ በኋላ፣ ሚሌ ሳይደርስ አዳይቱን ያገኛል። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በጂቡቲ ወደብ የሚያልፍ በመሆኑ የጭነት መኪናው ሌት ተቀን አይቋረጥም። ማዳበሪያው፣ ስንዴው፣ ብረቱ፣ ማሽኑ ሁሉ በአዳይቱ ደጅ ያልፋል። ወንዙም በዚያው አጠገብ ያልፋል። አንድ ጊዜ ሾፌራችን ለሻይ ሲቆም ከጎኔ የተቀመጠ፣ የታሸገ ውኃ የሚሸጥ ጎልማሳ፣ «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ሲመለሱ ይንገሩልን፤ እዚህ ፋብሪካ ቢከፈት ሥራ እናገኝ ነበር» አለኝ። «ምን የሚሠራ ፋብሪካ?» አልኩት። ወደ መንገዱ አየና «ምንም ይሥራ፤ ብቻ አጥር ይኑረው» አለኝ። «አጥር ምን ያደርግላችኋል?» ስለው ሳቀ። «አጥር ካለው ዘበኛ ይቀጥራል። እኛን የሚቀጥሩን ለዘበኝነት ነው።»

ቀልዱን ብዙ ቀን አልረሳሁትም። ሰውየው የዘረዘርኳቸውን ዓይነቶች አያውቃቸው ይሆናል፤ የሁሉንም መጨረሻ ግን ያውቃል። ይህን ያስተማረው ደግሞ ከአጠገቡ የሚፈሰው ወንዝ ነው።

አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው። ከደጋው ተነሥቶ፣ ቆቃ ላይ ተገድቦ፣ ወንጂን አጠጥቶ፣ መተሐራን አጠጥቶ፣ አሚባራንና ገዋኔን አልፎ፣ በአዳይቱ በኩል ወደ ተንዳሆና ወደ አውሳ ወርዶ፣ በጂቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። የኢትዮጵያን የፋብሪካ ታሪክ ማንበብ የሚፈልግ ይህን ወንዝ ከላይ ወደ ታች ያንብብ። ላይኛው የጠጣው ታችኛው አይጠጣውም። ላይኛው የደፋውን ግን ታችኛው ይጠጣዋል። ሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎች ከተማ ነች፤ የሞጆ ወንዝ ደግሞ የአዋሽ ገባር ነው። ከአርብቶ አደሩ አገር ቆዳው ወደ ላይ ይሄዳል፣ የታጠበበት ውኃ ወደ ታች ይወርዳል።

በዚህ ወንዝ ላይ ቀዳሚው ትልቅ ፋብሪካ የወንጂ ስኳር ነው። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ለብዙ ዓመታት በሸንኮራ ሥራ የኖረ ነበር። ወንጂ ላይ ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ1954 ዓ.ም. አካባቢ ወንጂ ሸዋ፣ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ መተሐራ ተከተሉ። ሆላንዶቹ ከሁሉ በፊት ያወቁት አንድ ነገር ነበር፤ የስኳር ፋብሪካ በግማሽ ጎኑ እርሻ መሆኑን። መቶ ኩንታል ሸንኮራ ተፈጭቶ የሚወጣው ስኳር ዐሥር ኩንታል ገደማ ነው። ሸንኮራው ከተቆረጠ በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ካልተፈጨ ደግሞ ስኳሩ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ማሳው፣ የመስኖው ቦይ፣ የቆራጩ ገጀራ፣ መኪናውና ወፍጮው በአንድ ሰዓት ቆጣሪ መንቀሳቀስ አለባቸው። አንዱ ከዘገየ ሁሉም ይከስራል። ጭማቂው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ገለባ ማሞቂያውን ያነዳል፣ ሞላሰሱ ለአልኮልና ለከብት መኖ ይሆናል። በልጅነታችን የበላነው ደስታ ከረሜላ የወንጂ ልጅ ነበር። ፋብሪካ ፋብሪካ ሲወልድ እንዲህ ነው።

ወንጂን ግን ገነት አድርጌ መሳል አልፈልግም። ቦታው ባዶ አልነበረም፤ የጅሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች ተነሥተውበታል። በጉድጓድ ውኃው ውስጥ የነበረው ፍሎራይድ የብዙ ሠራተኞችን ጥርስ አበላሽቷል፣ የአንዳንዶቹን አጥንትም ጎድቷል። ይህ ሁሉ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። ማለት የፈለግኩት ሆላንዶቹ ቢያንስ የሚጀምሩት ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ያውቁ ነበር ነው። ፋብሪካው በተወሰነ ሰዓት የሚበላ እንስሳ መሆኑን አውቀው ነበር ያሳደጉት።

አሁን ወደ ታች፣ ወደ ተንዳሆ እንውረድ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ በተንዳሆ የጥጥ እርሻ ተከለ። በአውሳም ሱልጣን ዓሊሚራህ ሐንፈሬና ሕዝባቸው ጥጥ ያመርቱ ነበር፤ አፋር ለገበያ ማምረት አያውቅም የሚለው ተረት እዚህ ላይ ይወድቃል። ጥጥ ደግሞ ከሸንኮራ የተለየ ጠባይ አለው። ጥጥ ይጠብቃል። መቶ ኪሎ ጥጥ ሲዳመጥ ለፈትል የሚሆነው ከአርባ ኪሎ በታች ሲሆን አብዛኛው ቀሪ ፍሬ ነው። ስለዚህ መዳመጫው ከእርሻው አጠገብ ቢሆን ይመረጣል። የተዳመጠው ግን ታስሮ ወራት መቆየት ስለሚችል ድሬዳዋም ሆነ አቃቂ ሄዶ ይፈተላል። ፍሬው ዘይት ይሆናል፣ ፋጉሎው ለከብት ይሰጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥጥ ከተለቀመ በኋላ ማሳው ባዶ ይሆናል፤ በዚያ ጊዜ ከብትና ግመል ገብቶ አገዳውንና ቅጠሉን ይግጣል። አርብቶ አደሩ በጥጡ እርሻ ክፉኛ ተጎድቷል፤ አጥኚዎች በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኀብ አፋር ለምን ያን ያህል እንዳለቀ ሲመረምሩ የወንዙ ዳር ግጦሽ መወሰዱን ከምክንያቶቹ አንዱ አድርገው ጽፈዋል። ቢሆንም ጥጥ በዓመት ለጥቂት ወራት የምትከፈት በር ትቶለት ነበር።

ሸንኮራ በር አይተውም። ከተተከለ ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ይቆረጣል፣ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፣ እንዲህ እያለ ለዓመታት መሬቱን ሸፍኖ ይኖራል። ውኃም ዓመቱን ሙሉ ይጠጣል። በ1998 ዓ.ም. አካባቢ ተንዳሆ ከጥጥ ወደ ሸንኮራ እንዲዞር ሲወሰን በወረቀቱ ላይ የተለወጠው የሰብሉ ስም ብቻ ነበር የሚመስለው። የተለወጠው ግን ዘውጉ ነው። 50,000 ሄክታር እርሻ፣ ከ1.8 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ የሚይዝ ግድብ፣ በሁለት ምዕራፍ በቀን 26,000 ቶን ሸንኮራ የሚፈጭ ፋብሪካ ታቀደ። ከህንድ ብድር ተገኘ። በሁለትና በሦስት ዓመት ይደርሳል የተባለው ፋብሪካ የመጀመሪያው ምዕራፍ ሙከራ ምርት የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። በታቀደለት መጠን አምርቶ አያውቅም፤ ከጥቂት የምርት ዘመናት በኋላም ሥራው ተቋረጠ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሲሞላ ደግሞ የታችኛው ሸለቆ በጎርፍ ተጥለቀለቀ፤ እርሻውም ቤቱም ከብቱም ተወሰደ።

ተንዳሆ ብቻውን ቢሆን «ዕድል ነው» ብለን ባለፍን። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በተዘረጋው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ አገሪቱ በዕቅዱ መጨረሻ በዓመት 2.25 ሚሊዮን ቶን ስኳር ታመርታለች ተብሎ ነበር። ዐሥር አዳዲስ ፋብሪካዎች በአንድ ጊዜ ተጀመሩ። ጣና በለስ ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ፤ ሸንኮራው ደረሰ፣ ፋብሪካው አልደረሰም። ሸንኮራ እንደ ጥጥ ታስሮ አይቀመጥምና ዕድሜው አልፎ ተወገደ። ስኳሩን እስከዚያው ከውጭ በዶላር ማስገባት ቀጠልን። የገንዘብ እጥረት ነበር፣ የኮንትራት ችግር ነበር፣ የሙያ ማነስ ነበር፤ ሁሉም እውነት ነው። ከሁሉም ሥር ግን አንድ የንባብ ስሕተት አለ። የማይጠብቅን ነገር እንደሚጠብቅ አድርጎ ማንበብ። ሕንፃ ቢዘገይ ቆይቶ ያልቃል። የሸንኮራ ፋብሪካ ግን ቢዘገይ ይሞታል።

የአዋጭነት ጥናት የሚባለውን ሰነድ እንደ ድርሰት አንብቡት ብላችሁ ብታዘዙኝ የምጀምረው ከግሱ ነው። «መሬቱ ይለማል»፣ «ነዋሪው ይሰፍራል»፣ «ፋብሪካው ይቋቋማል»፣ «ኅብረተሰቡ ተጠቃሚ ይሆናል»። ግሱ ሁሉ ባለቤቱን የደበቀ ግስ ነው። ማን ያለማል? ማን ያሰፍራል? ተማሪዎቼ በዚህ ዓይነት ግስ ሲጽፉልኝ በቀይ እስክሪብቶ «ማን?» ብዬ እመልስላቸው ነበር። ቀጥሎ ቅጽሉን አያለሁ። «ያልለማ»፣ «ጠፍ»፣ «ሰው ያልሰፈረበት»። ዝናብ ሲዘንብ አርብቶ አደሩ ከወንዙ ርቆ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ በጋው ሲጠና ወደ ወንዙ ዳር ይመለሳል። አጥኚው በክረምት መጥቶ «ሰው የለም» ብሎ ይጽፋል። ገበሬ ጎተራውን ቆልፎ ገበያ ሲወጣ ቤቱን «ባለቤት የለውም» ብሎ እንደመመዝገብ ያለ ነው። የወንዝ ዳር ሣር የአፋሩ ጎተራ ነው። ከጠቅላላው መሬት ሲታይ ጥቂት ነው፣ ግን ቀሪው መሬት ሁሉ ዋጋ የሚኖረው በዚያ በጥቂቱ ነው። እሱ ከተወሰደ የተወሰደው ዐሥር እጅ አይደለም፤ ዓመቱ ነው።

«ታዲያ ፋብሪካ አይከፈት ትላለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። በፍጹም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ላይ ጥሬ ዕቃ እየሰጠ የተሠራ ዕቃ የሚቀበል አገር የብዙ ሰው ድካም ሰጥቶ የጥቂት ሰው ድካም እንደሚቀበል ካስረዱ መቶ ዓመት አለፈ። ክርክሩ ያኔ ተዘግቷል። ነጋድራስ ግን ከማሽኑ በፊት የሚያስቀድሙት ዕውቀትን ነበር። እኛ ማሽኑን ወስደን ዕውቀቱን «በሂደት» አልነው።

አሁን እጅ ፍለጋ ወደሚዞሩት ልመለስ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ፤ ከየገጠሩ የመጡ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ሥራ አገኙበት። ይህ ዓይነቱ ፋብሪካ ከአገሩ መሬት አይፈልግም፣ ወንዝ አይፈልግም፣ ጥሬ ዕቃውንም ይዞት ይመጣል። የሚፈልገው ርካሽ እጅና ከቀረጥ ነፃ የሆነ ገበያ ነው። ስለዚህ አመጣጡ ፈጣን ነው፣ አካሄዱም እንደዚያው። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደምታስወጣ ስታስታውቅ ፒቪኤች የተባለው ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሐዋሳ ማምረቻውን እንደሚዘጋ ተናገረ። ሲነቅለው ከመሬቱ ጋር ያያያዘው ሥር አልነበረውም። ይህን ስል ሰፊዎቹ ያገኙት ደመወዝ ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። ዓይነቱን አውቀን እንያዘው ማለቴ ነው፤ እንግዳን እንደ ዘመድ አድርገን ውርስ አንጠብቅበት። ሠመራም የራሷ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሠርቶላታል። ጥያቄው ያው ነው፤ ሼዱ ውስጥ የሚገባው ከአራቱ የትኛው ነው?

እንግዲህ ለአዳይቱ እናስብላት። የመጀመሪያው ሰው የሚለው «ከብት አለ፣ ቄራ ይሠራ» ነው። ጥሩ። ዘመናዊ ቄራ ግን በየቀኑ የሚበላ ፋብሪካ ነው። ሠራተኛውም ማቀዝቀዣውም የውጭ ገዢውም ቀን አይዘልሉም። አርብቶ አደሩ ደግሞ የሚሸጠው እህል መግዣ ሲያጣ፣ ልጅ ሲድር ወይም ድርቅ ሲያስገድደው እንጂ ቄራው ስለራበው አይደለም። እንስሳው ለሱ ባንኩም ኢንሹራንሱም ዝምድናውም ነው። ቢሾፍቱና ሞጆ ያሉት የኤክስፖርት ቄራዎች እንኳ ከዐቅማቸው በታች ሲሠሩ የኖሩት አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። «ወተትስ?» ቢባል የግመል ወተት እንደ ላም ወተት ቶሎ ቅቤ አይወጣውም፤ መንጋውም ሣር ተከትሎ ይሄዳል። ለዚህ የሚስማማው ግዙፍ ሕንፃ ሳይሆን ትንንሽ የማቀዝቀዣና የመሰብሰቢያ ጣቢያዎች፣ ከመንጋው ጋር የሚንቀሳቀስ መኪና፣ መንገዱ ዳር አነስ ያለ የወተት ማቀነባበሪያ ነው። ለሪባን አይመችም፤ ለፎቶግራፍም አያምርም።

ከዚያው ከአፋር ጨውን እንመልከት። የአፍዴራ ጨው ከሐይቁ ውኃ በፀሐይ ደርቆ የሚወጣ ነው። ጨው አይበሰብስም፣ ይጠብቃል፤ የሚመረትበትም ቦታ ግጦሽ አይደለም። ጨው ሁሉ በአዮዲን እንዲበለጽግ በ2003 ዓ.ም. ደንብ ወጥቷል። ስለዚህ ማበልጸጊያው፣ ማሸጊያው፣ ከረጢቱ ሁሉ በቅርብ ሊሠራ የሚችል ነው። ትዕግሥተኛ ጥሬ ዕቃ ለጀማሪ አገር የተሻለ አስተማሪ ነው። የመንገዱን ሥራም አንናቅ። በየቀኑ የሚያልፈው ያ ሁሉ ከባድ መኪና ጎማ ይቀይራል፣ ባሌስትራ ይሰብራል። ጋራዡ፣ የብየዳ ቤቱ፣ የጎማ ጥገናው ማምረቻዎች ናቸው፤ ደግሞም የአካባቢው ልጅ ከዘበኝነት አልፎ ሙያ የሚማርባቸው ናቸው።

አንድ ከባድ ነገር ግን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። አዳይቱ ከኡንዱፎና ከገዳማይቱ ጋር አፋርና ሶማሌ ክልሎች ሲወዛገቡባቸው ከኖሩት ሦስት ቀበሌዎች አንዷ ነች። በ2007 ዓ.ም. የተደረሰው ስምምነት ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የሶማሌ ክልል ከስምምነቱ ወጣ። ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ የአፋርም የኢሳም እናቶች አልቅሰዋል። እንዲህ ባለ ቦታ አጥር አጥር ብቻ አይደለም፤ የድንበር ምልክት ነው። ማን ተቀጠረ፣ ማን መሬቱን ሰጠ፣ ካሳው ለማን ተከፈለ የሚለው ጥያቄ የሠራተኛ አስተዳደር ጉዳይ መሆኑ ይቀርና የሰላም ጉዳይ ይሆናል። የውኃ ሻጩን «ብቻ አጥር ይኑረው» ያኔ የሳቅንበትን ያህል ልንፈራውም ይገባል።

አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት ባህል አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ይቆማሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይጠያየቃሉ። ዝናቡ የት ዘነበ? ሣሩ ምን ያህል ነው? ውኃው ደርቋል ወይ? ሰላሙስ? ገበያውስ? ወሬውን የነገረህ ማን ነው? አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ? ምንጩ ያልተጣራ ወሬ ያቀበለ ሰው በሰው ዘንድ ይቀልላል። ይህን እያየሁ ከዚህ የተሻለ የአዋጭነት ጥናት አለ ወይ እላለሁ። በብዙ ሚሊዮን የሚገዛው ሰነድ የሚጎድለው እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው፤ በተለይም የመጨረሻው።

ስለዚህ በአዋሽ ዳርም ሆነ በሌላው አገር የመሠረት ድንጋይ ሊያስቀምጡ ለተነሡ ሁሉ፣ ከድንጋዩ በፊት ጥላ ፈልገው ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ዳጉ ይቀመጡ እላለሁ። ይህ ፋብሪካ ምን ይበላል? በየቀኑ ነው በየወቅቱ? ምግቡ ቢዘገይ ይጠብቃል ወይስ ይበሰብሳል? ውኃውን ከማን አፍ ይወስዳል፣ የታጠበበትን ወደ ማን ይልካል? በበጋ እዚህ የሚመለሰው ሰው የት ይሄዳል? የዚህ አካባቢ ልጅ ከበሩ ላይ ሌላ የት ይቆማል? አንድ ቀን ሲዘጋስ ለማን ምን ትቶ ይሄዳል? ለእነዚህ መልስ ለመስማት ግማሽ ቀን የማይተርፈው ሰው ሃምሳ ሺሕ ሄክታር ባይረከብ ይሻላል።